ስለ ባርናርድ ጋላክሲና ስለ ላስታ ጨለማ

በተማሪ መጽሔት ስለ ምድር ነገር ያልተጻፈ የለም። ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ ቅጥነት ሳይቀር ይጻፋል። ስለ ሰማይ መጻፍ ግን የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ድርሻ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ እርሱም ላቦራቶሪ ስለሚበዛበት፣ ነገሩ ሳይነሣ ይቀራል። እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ፤ ሒሳቤም ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል እምብዛም አያልፍም። ደግነቱ የማነሣው ጉዳይ ከማካፈል የበለጠ አይጠይቅም። ጉዳዩም ይህ ነው፤ በሰማይ ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ደብዛዛ ጋላክሲ አለች፤ እርስዋን በዐይን ለማየት ከትልቅ ቴሌስኮፕ ይልቅ የሚያስፈልገው የጠራ ጨለማ ነው፤ ያ ጨለማ ደግሞ በላስታና በዋድላ ደጋ ገና አለ፤ ነገር ግን ዋጋውን ሳናውቅ ልናባክነው እንችላለን።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። ጋላክሲ (በአማርኛ «ረጨት» የሚሉት አሉ፤ ጥሩ ቃል ነው፣ ሰው ግን አልለመደውም) ማለት በስበት ኃይል ተሳስሮ አብሮ የሚኖር የከዋክብት፣ የጋዝና የአቧራ ክምችት ነው። የእኛ ፀሐይ የምትኖርበት ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከአድማስ እስከ አድማስ ዱቄት የፈሰሰበት መንገድ መስሎ የሚታየው እርሱ ነው። ከመቶ ቢሊዮን በላይ ከዋክብት አሉት፤ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ 100,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

እንዲህ ያለ ታላቅ ጋላክሲ ብቻውን አይኖርም፤ በአካባቢው ትንንሾች አሉ። ከትንንሾቹም ክብ ወይም ጠመዝማዛ መልክ ያልያዙት «ድንክ ቅርጸ ቢስ» ይባላሉ። ስሙ ስድብ ይመስላል፤ ለሊቃውንቱ ግን እነዚህ ድንኮች ውድ ናቸው። ጋዛቸው ገና ስላላለቀ አዳዲስ ከዋክብት ይወለዱባቸዋል፤ በከዋክብት ሆድ ውስጥ የሚበስሉት እንደ ኦክስጅንና እንደ ብረት ያሉት ንጥረ ነገሮች ግን ገና ብዙ አልተጠራቀሙባቸውም። ስለዚህ ዓለም በልጅነቱ ምን ይመስል እንደ ነበር ለሚጠይቅ ሰው፣ እጅግ ሩቅ ሳይሄድ በጎረቤት የሚያገኘው ናሙና ናቸው ሊባል ይቻላል።

የእኛይቱ ጋላክሲ በመዝገብ ስምዋ ኤን ጂ ሲ 6822፣ በጥሪ ስምዋ የባርናርድ ጋላክሲ ትባላለች። የምትገኘው ቀውስ በተባለው የከዋክብት ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ በዐውደ ነገሥት «ኮከብህ ቀውስ ነው» የተባለ ሁሉ ጎረቤቱ ናት። ከዳር እስከ ዳር 7,000 የብርሃን ዓመት ያህል ትሰፋለች፤ በከዋክብት ብዛት ከፍኖተ ሐሊብ መቶኛ እጅ አትሞላም። ርቀትዋ 1.6 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ይህ ማለት ዛሬ ማታ ከዐይናችን የሚገባው ብርሃንዋ ጉዞ የጀመረው በአገራችን በኮንሶ ምድር የጥንቱ ሰው የድንጋይ መሣሪያ መጥረብ ከጀመረ ወዲህ ነው ማለት ነው። በሰማይ ሚዛን ትናንት ነው።

ያገኛት ሰው ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1857 በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ ከድሃ ቤት ተወለደ፤ አባቱን ሳያውቅ አደገ፤ በዘጠኝ ዓመቱ ከፎቶግራፍ ቤት ተቀጥሮ እናቱን መርዳት ጀመረ። ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። በኋላ ከደመወዙ ቆጥቦ ቴሌስኮፕ ገዛ። በዚያን ጊዜ አዲስ ጅራታም ኮከብ ላገኘ ሁሉ 200 ዶላር የሚሸልም ባለጸጋ ነበረና፣ ባርናርድ ጅራታም ኮከብ እያደነ በሽልማቱ ቤት ሠራ። (የቤት ኪራይ ለሚያሳስበን ሰዎች ይህ አስደናቂ ዜና ነው።) ይህችን ጋላክሲ ያየው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲሆን፣ ዕድሜው 26 ነበር፤ በከተማው ዩኒቨርሲቲ እያገለገለ ይማር ነበር። ያየባት ቴሌስኮፕም ትንሽ ነበረች። የጻፈውም አንድ እጅግ ደብዛዛ ጉም መሳይ ነገር ማየቱን ነው፤ ጋላክሲ መሆንዋን በጊዜው ያወቀ ማንም አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ይህች ጋላክሲ ደብዛዛ የሆነችው ብርሃን ስላነሣት ብቻ አይደለም። ጠቅላላ ብርሃንዋ በአንድ ነጥብ ቢሰበሰብ ኖሮ ማንም ሰው በተራ ባይኖኩላር ሊያያት በቻለ ነበር። ችግሩ ብርሃንዋ መዘርጋቱ ነው። በሰማይ ላይ የያዘችው ስፋት ከጨረቃ ወርድ ግማሽ ያህል ይሆናል። አንድ እፍኝ ነጭ ጤፍ በመዳፍ ላይ ሳለ ሁሉም ያየዋል። ያንኑ እፍኝ በሰፊ አውድማ ላይ ዝሩት። አውድማው በእበት ተለቅልቆ የጠቆረ ከሆነ ጤፉ እንደ ውርጭ ነጣ ብሎ ይታያል፤ አውድማው ገለባ ከለበሰ ግን ጤፉ እያለ የለም።

ይህንን በቁጥር እንየው። የጨለማ ሰማይ ፈጽሞ ጥቁር አይደለም፤ የላይኛው አየር ራሱ በመጠኑ ያበራል፤ በፈለኮች መካከል የተበተነው አቧራም የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል። ይህን የተፈጥሮ ብርሃን 100 ብለን እንነሣ። የባርናርድ ጋላክሲ ብርሃን በስፋትዋ ሲካፈል በዚያው ሚዛን 25 ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። እንግዲህ በጨለማ አገር ዙሪያዋ 100፣ እርስዋ ያለችበት ቦታ 125 ነው፤ ዐይን ይህን ልዩነት ከታገሠ ይይዘዋል። ወደ ትልቅ ከተማ ስንመጣ ደግሞ፣ በመንገድ መብራት የተጥለቀለቀ ሰማይ ከተፈጥሮው 40 እጥፍ ሊያበራ ይችላል። ዙሪያዋ 4,000፣ እርስዋ ያለችበት 4,025 ይሆናል። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ጋላክሲዋ አልሄደችም፤ ገለባው ሸፈናት።

«ታዲያ ትልቅ ቴሌስኮፕ ቢመጣስ?» የሚል ይኖራል። ቴሌስኮፕ ብርሃን ይሰበስባል፤ ነገር ግን ምስሉን ባሰፋ መጠን የሰበሰበውን ብርሃን መልሶ ይዘረጋዋል። ስለዚህ ተዘርግቶ የሚታይ ነገር በማንኛውም ቴሌስኮፕ በዐይን ሲታይ ይተልቃል እንጂ ገጹ በባዶ ዐይን ከሚታየው አይደምቅም። የሰማዩም ብርሃን አብሮ ስለሚገባ 4,000 እና 4,025 እንደዚያው ይቆያሉ። ኤድዊን ሀብል የተባለው ስመ ጥር የሥነ ፈለክ ሊቅ ስለዚችው ጋላክሲ ሲጽፍ፣ በአራት ኢንች መፈለጊያ መነጽር በደንብ ትታይ የነበረችው በዓለም አንደኛ በነበረው ባለ 100 ኢንች ቴሌስኮፕ ስትታይ ግን በጭንቅ እንደምትለይ ገልጾአል። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለድሃ አገር የተጻፈ የምሥራች መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል። ነገር ግን ለእውነቱ ስንል ትልቁን ቴሌስኮፕ መናቅ አይገባንም። ነጠላ ከዋክብትን ለይቶ ማሳየትና ለረጅም ሰዓት በፎቶግራፍ መመዝገብ የሚችለው እርሱ ነው። ሀብልም ያደረገው ይኸንኑ ነው።

ሀብል ምን እንዳገኘ ለመረዳት አንዲት ሴት መጥቀስ ግድ ነው። ሄንሪየታ ሌቪት በሃርቫርድ የከዋክብት ጥናት ቤት በትንሽ ደመወዝ የፎቶግራፍ መስታወት እየመረመረች ትሠራ ነበር፤ ጆሮዋም በደንብ አይሰማም ነበር። የምትመረምረው ትንሹ የማጄላን ደመና የተባለውን ሌላ ድንክ ጋላክሲ ነው። በዚያ ውስጥ ሴፌይድ የሚባሉ፣ በየጊዜው እየደመቁና እየደበዘዙ የሚመላለሱ ከዋክብት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ 25ቱ ባወጣችው ጽሑፍ፣ ምልልሱ የሚረዝምበት ኮከብ በእውነተኛ ብርሃኑም የበለጠ መሆኑን አሳየች።

ይህ ምን ይጠቅማል? በሌሊት ከማዶ ሸንተረር ላይ መብራት ብናይ፣ በቅርብ ያለ ኩራዝ ይሁን በሩቅ ያለ ትልቅ ፋኖስ በምን እናውቃለን? ባለቤቱ «ይህ ፋኖስ ነው» ብሎ ከነገረን ግን ከድብዛዜው ርቀቱን ማስላት ቀላል ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳልና። የሴፌይድ ምልልስ «እኔ ፋኖስ ነኝ» ወይም «እኔ ኩራዝ ነኝ» የሚል ድምፅ ነው። ሀብል በባርናርድ ጋላክሲ ውስጥ 11 ሴፌይዶች አገኘና እ.ኤ.አ. በ1925 ርቀትዋን 700,000 የብርሃን ዓመት ብሎ አወጀ። ቁጥሩ ከዛሬው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ክርክሩን ለመቍረጥ በቂ ነበር፤ ይህች ደብዛዛ ነገር ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ የምትኖር ራስዋን የቻለች የከዋክብት አገር ናት። ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆናቸው በማያጠራጥር ማስረጃ ከተጻፈላቸው የመጀመሪያዎቹ አንዷ መሆንዋ ነው። ሌቪት ግን ይህን ሳታይ እ.ኤ.አ. በ1921 ሞታለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሌቪት የመረመረቻቸው መስታወቶች የተነሡት በሃርቫርድ አልነበረም፤ ትንሹ የማጄላን ደመና ከዚያ አይታይም። የተነሡት በደቡብ አሜሪካ በፔሩ፣ ሃርቫርድ በአሬኪፓ ደጋ በተከለው ጣቢያ ነው። ተራራው የፔሩ፣ ጨለማው የፔሩ፣ ዝናው የሃርቫርድ። በዚህ ማንንም መውቀሴ አይደለም፤ ቴሌስኮፑን ያመጡት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ተራራ ያለው አገር ተራራውን የሚያነብ ሰው ካላዘጋጀ፣ አከራይ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ተራራ ከተነሣ፣ የእኛ ምን ይመስላል? ያደግሁት የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በኮን ነው። ኮንና ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉ። ይህ ለሰማይ ተመልካች ትልቅ ሀብት ነው። አውሮፓ ያለ ሰው የደቡቡን ሰማይ አያይም፤ የደቡብ አፍሪካ ሰው የሰሜኑን ኮከብ አያይም። እኛ ግን የሰሜኑን ኮከብ ከአድማስ 12 ዲግሪ ከፍ ብሎ እናያለን፤ በኅዳር ምሽት ደግሞ ጭጋግ ካልከለከለ፣ ከዋድላ ሜዳ ጠርዝ ወደ ደላንታ ሲመለከቱ የሌቪት ትንሹ የማጄላን ደመና ከአድማስ 5 ዲግሪ ያህል ብቅ ይላል፤ ይኸውም እጅን ዘርግቶ የግማሽ ጡጫ ከፍታ ነው። የባርናርድ ጋላክሲ ግን ለእኛ ችግር የለባትም። እስከ 63 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ ሀብል ከነበረበት ከካሊፎርኒያ ግን ከ41 ዲግሪ አታልፍም። ከፍ ያለ ኮከብ በቀጭን አየር ስለሚታይ ይጠራል፤ ደጋውም በራሱ ብዙውን አየር ከበታቹ ጥሎታል።

ይህን ያሰቡ ኢትዮጵያውያን አልጠፉም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሠረተ፤ በ2015ም በእንጦጦ ተራራ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ሥራ ጀመሩ። ለማስተማሪያነት የዚህ ዋጋ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን ከእንጦጦ ግርጌ አዲስ አበባ አለች፤ አዲስ አበባም በየዓመቱ ትደምቃለች። በዚያው ጊዜ ሁለተኛውና የሚበልጠው ቴሌስኮፕ ከከተማ ብርሃን ርቆ በላሊበላ ዙሪያ ተራሮች እንዲተከል ዕቅድ መኖሩ ተነገረ። በዚያ አካባቢ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ብቻ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል። ዕቅድ ይፈጥናል ይዘገያል፤ ተራራው ግን የትም አይሄድም። ሊሄድ የሚችለው ጨለማው ነው።

በዚህ ቦታ ከዋድላ ወይም ከላስታ የመጣ አንባቢ ሊቈጣኝ ይችላል። «ጨለማ ሀብት ነው ትላለህ፤ እናቴ በኩራዝ ጭስ ዐይንዋ ጠፋ» ቢለኝ መልስ ያስፈልገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በዘለቀ ጊዜ መብራት ለወራት ጠፍቶ ነበር። በዚያን ወቅት ሰማዩ ምን ያህል እንደ ጠራ ማንም አላወራም፤ የሚወራው ስለ እህል፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ጠፋ ዘመድ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሎስ አንጀለስ ከተማ መብራትዋን በደበቀች ጊዜ፣ ጀርመናዊው ዋልተር ባዴ በዚያው በሀብል ባለ 100 ኢንች ቴሌስኮፕ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ እምብርት ከዋክብት ለይቶ ፎቶግራፍ ለማንሣት በቃ፤ በ1944 ያወጣውም ሥራ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የሳይንስ ታሪክ ይህንን በደስታ ያወራል። እኔ ግን ባዴ ያገኘውን ጨለማና የእኛ ሰው የቀመሰውን ጨለማ አንድ አድርጌ ማውራት አይሆንልኝም። ለሥነ ፈለክ ተብሎ አንድ ቤት ያለ መብራት ይደር የሚል ሰው ካለ፣ እርሱ ሌሊቱን በኩራዝ አጥንቶ አያውቅም።

ነገር ግን ጥያቄው መብራት ይኑር አይኑር አይደለም፤ መብራቱ ወዴት ይብራ ነው። ወደ ሰማይ የሚረጭ የመንገድ መብራት ለእግረኛው ምንም አያደርግለትም፤ ለተረጨው ብርሃን ግን ይከፈላል። አምፖሉ ከላይና ከጎን ክዳን ቢደረግለት፣ ብርሃኑ በመንገዱ ላይ ይወድቃል፤ በአነስተኛ ኃይልም ያንኑ ያህል ያሳያል። የቀለሙም ጉዳይ አለ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ መብራት በአየር ውስጥ ከቢጫው ይልቅ ይበተናል፤ ሰማይ ቀን ሰማያዊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለደጋ ከተማ ሞቅ ያለ ቢጫ ይሻላል። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ርካሽ ነው፤ ሺህ ምሰሶ ከተተከለ በኋላ መለወጥ ግን አንድ ወረዳ የሚችለው ወጪ አይደለም። ኮንና ጋሸና እየሰፉ፣ በላሊበላም ሆቴል እየተጨመረ ሲሄድ፣ ጊዜው አሁን ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ሌሎች አድርገውታል። በአሜሪካ የፍላግስታፍ ከተማ ወደ ሰማይ የሚተኮስ የማስታወቂያ ብርሃንን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ስፔን በካናሪ ደሴቶች ላሉት ቴሌስኮፖች ስትል በ1988 የሰማይ ሕግ አወጣች። ወደ ራሳችን አህጉር ስንመጣ፣ ደቡብ አፍሪካ በሰዘርላንድ ትልቁን ቴሌስኮፕዋን በ2005 መረቀች፤ ሁለት ዓመት ቆይታም ለሥነ ፈለክ የሚያመቹ ቦታዎችን የሚጠብቅ ሕግ በፓርላማ አጸደቀች። በነዚህ አገሮች ማንም በጨለማ አልተደናበረም። የሕግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጡ ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ የጂኦግራፊ ተማሪዎችም የላስታን የሌሊት ብርሃን በካርታ ሊያነሡ ይችላሉ። ላሊበላ እንግዶችዋን ቀን ለውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ሌሊት ለሰማዩ ብላ ብታስተናግድ፣ የሚያድሩት ሌሊት አንድ የሚጨመር ይመስለኛል።

በመጨረሻ፣ ለዕረፍት ወደ ደጋ የሚሄድ አንባቢ ካለ ጋላክሲዋን እንዴት እንደሚፈልጋት ልንገረው። ክረምት ላይ በእኩለ ሌሊት ከፍ ብላ ትወጣለች፤ ግን ደመናው አያሳያትም። ጥሩው ጊዜ ጥቅምት ነው፤ ጨረቃ የሌለችበት ምሽት ይመረጥ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲመለከቱ የቀውስ ደማቅ ከዋክብት እንደ ጀበና ተደርድረው ይታያሉ። (ፈረንጆች የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው ይላሉ፤ እኛ ቡናውን እንመርጣለን።) ከጀበናው እጀታ ወደ ላይ፣ እጅን ዘርግቶ አንድ ጡጫ ተኩል ያህል ከፍ በሉ። ባይኖኩላር ወይም ትንሽ ቴሌስኮፕ በዝቅተኛ ማጉያ ይበቃል። ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ በዚህ ጊዜ ስልክ ማብራት የለም። ቦታውን ስታገኙ በቀጥታ አትመልከቱት፤ ጥቂት ወደ ጎን እዩ፤ ለደብዛዛ ብርሃን የሚነቃው የዐይናችን ክፍል ከመካከሉ ወጣ ብሎ ነውና። ጭስ የመሰለ ሞላላ ነጣ ያለ ነገር ብቅ ጥልቅ ካለ እርስዋ ናት። እኩለ ሌሊት ገደማ ስለምትጠልቅ ከእራት በፊት መውጣት ይሻላል፤ ጋቢም አይረሳ።